የወዳጅነት ጨዋታም ሕግ ያስፈልገዋል

ታኅሣሥ ተጋምሶ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚገኙ ወጣቶች ዛፍ ዛፉን ማየት ይጀምራሉ። የሚፈልጉት ጥላውን ወይም ፍሬውን ሳይሆን ጫፉ ቆልመም ያለውን ቅርንጫፍ ነው። ይህ ቅርንጫፍ ተቆርጦና ተልጦ የገና ዱላ ይሆናል። ከእንጨት ወይም ከቆዳ ድቡልቡል ሆና የምትሠራው ኳስ ደግሞ ሩር ትባላለች። አማርኛ ተናጋሪው የገና ጨዋታ የሚለው ይህ ጨዋታ በትግራይ ቃርሳ በሚል ስም ይታወቃል። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ሩሯን በቆልማማው ዱላ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ግብ ለማድረስ ይታገላሉ። በዓሉ የሚውልበት ታኅሣሥ 29 ሲደርስም ሜዳው በጩኸትና በአቧራ ይሞላል።

ስለዚህ ጨዋታ ሲወራ ዘወትር የሚነሣ አንድ ብሂል አለ፤ በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን አይቆጣም የሚል ነው። በጥንቱ ኑሮ አሽከር በጌታው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመናገር እንኳ አይደፍርም ነበር፤ በገና ዕለት ግን ሩሯን ከጌታው ዱላ ሥር ነጥቆ መሮጥ ይችል ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ብሂል የሚጠቅሱት በወዳጅነት ጨዋታ ሕግ አያስፈልግም ለማለት ነው። ለእኔ ግን ትርጉሙ የዚህ ተቃራኒ ነው። ብሂሉ ራሱ ሕግ ነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር የታወቀ፣ ሁሉም የተቀበለው፣ ትልቁንም ትንሹንም እኩል የሚገዛ ሕግ ነው። ጌታው ቁጣውን የሚውጠው ስላልተነካ አይደለም፤ ላለመቆጣት አስቀድሞ ስለተስማማ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። ለወዳጅነት የሚደረግ ጨዋታ ጥቂት፣ ግልጽና አስቀድሞ የተስማሙበት ሕግ ያስፈልገዋል። ሕጉ ወዳጅነቱን አያቀዘቅዘውም፤ ይጠብቀዋል እንጂ።

ወደዚህ አስተያየት ያደረሰኝ በመምህርነት ዘመኔ ያየሁት ነገር ነው። በመቀሌ ከተማ አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ምድቦች ለገና በዓል ዋዜማ የቃርሳ ግጥሚያ ለማድረግ ተስማሙ። ዳኛ አልነበረም፤ መሥመርም አልተሰመረም። ግብ የተባለው በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ነበር። ጨዋታው በሳቅ ተጀመረ። ጥቂት እንደ ቆየ ሩሯ በአንደኛው ድንጋይ ላይ ዘልላ አለፈች። አንዱ ወገን «ገብታለች» አለ፤ ሌላው «ድንጋዩን ነክታ ወጥታለች» አለ። ክርክሩ ሳይበርድ ጨዋታው ቀጠለ፤ ዱላውም ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ሩሯን ለመምታት የሰነዘረው ዱላ የጓደኛውን ቅንድብ ሰነጠቀ። ልጁ ሆን ብሎ እንዳልመታ ሁሉም ያውቃል። ቁስሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረቀ። በሁለቱ ምድቦች መካከል የገባው ቅያሜ ግን እስከ ፋሲካ ዘለቀ።

በተከታዩ ሳምንት ለሁለቱም ምድቦች የድርሰት ሥራ ሰጠኋቸው። የተፈጸመውን ሁሉ፣ ማንንም ሳይወቅሱ፣ እንዳዩት እንዲጽፉ ነበር ያዘዝኋቸው። ወረቀቶቹን ሳርም አንድ ነገር አስገረመኝ። ከጻፉት መካከል የዋሸ አልነበረም። ሩሯ የድንጋዩን ጫፍ ነክታ በላዩ እንዳለፈች ሁሉም ይመሰክራሉ። የተለያዩት በሕጉ ላይ ነው። አንዱ «ድንጋዩን ከነካች ግብ ናት» ብሎ ያምናል፤ ሌላው «በድንጋዮቹ መካከል ካላለፈች አትቆጠርም» ይላል። ሁሉም በልቡ ሕግ ነበረው፤ ነገር ግን የሁሉም ሕግ የተለያየ ነበር። ጠቡን የወለደው ያልተጻፈውና ያልተነገረው ሕግ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። «ወዳጆች ከሆንን ሕግ ምን ያደርግልናል? ሕግ የሚያስፈልገው ለተጠራጠሩ ሰዎች ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የኅብረተሰባችን ልማድ አይደግፈውም። እድርተኞች ወዳጆችና ጎረቤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፣ የዘገየ ይቀጣል፣ መዋጮውም ልኩ የታወቀ ነው። እቁብተኞችም እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ዕጣው የሚወጣበት ቀንና የሚከፈለው ገንዘብ አስቀድሞ ይወሰናል። በትግራይ ገጠር ደግሞ የአንድ መንደር ነዋሪዎች ግጦሹ የሚከለልበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ በስብሰባ ተስማምተው ይደነግጋሉ፤ ይህን የመሰለው የስምምነት ደንብ ስሪት ይባላል። አባቶቻችን ደንብ ያወጡት ስለማይዋደዱ አልነበረም። ፍቅር ባለበት ቦታ ጠብ ሲገባ ጉዳቱ የከፋ መሆኑን ስለተረዱ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

በእርግጥ በታላላቅ ውድድሮችና በወዳጅነት ጨዋታ መካከል ልዩነት አለ። የመቀሌ 70 እንደርታ የእግር ኳስ ቡድን በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሸናፊ ሲሆን፣ በየግጥሚያው ፊሽካ የያዘ ዳኛ፣ የተሰመረ ሜዳና የቆሰለውን የሚያነሣ የሕክምና ባለሙያ ነበር። የገና ጨዋታን ጨምሮ ሌሎች ነባር ጨዋታዎችን የሚመራው የኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም በተጻፈ ደንብ ያወዳድራል። በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በሠፈር ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ዳኛ የለም፤ ሐኪም የለም፤ የተሰመረ ሜዳም የለም። ያለው የተጫዋቾቹ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ግልጽ ካልሆነ የሚደገፉበት ሌላ ነገር አይኖርም። የወዳጅነት ጨዋታ ከማናቸውም ውድድር ይልቅ ግልጽ ሕግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሕግ ጨዋታን ያከብደዋል የሚሉ ሰዎች የቅርጫት ኳስን አጀማመር ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር በክረምቱ ብርድ ምክንያት ወደ ውጭ መውጣት ያልቻሉ ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ወጣቶቹ በአዳራሽ ውስጥ ተሰላችተው አስቸገሩ። እንደ ውጭ ጨዋታ እንዳይገፋፉ ደግሞ ወለሉ ጠንካራ ነው። መምህሩ ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ከፍ አድርጎ ሰቀለና 13 ሕጎች ጻፈ። ኳስ ይዞ መሮጥ ተከለከለ፤ የሚሮጥ ከሌለ ጠልፎ የሚጥልም አይኖርምና። መግፋት፣ መያዝና መምታትም ተከለከሉ። ግቡ ከራስ በላይ እንዲሆን የተደረገውም በግብ አፍ ላይ መጋፋት እንዳይኖር ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ጨዋታ ሰው እንዳይጎዳ ተብለው ከተጻፉ 13 ሕጎች ተወለደ ማለት ነው። ሕጉ ጨዋታውን አልገደለውም፤ ፈጠረው እንጂ።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት የሚኖር አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከጓደኛው ጋር በመጥረጊያ እንጨትና በትንሽ የፕላስቲክ ኳስ ይጫወት ነበር። ልጆቹ ሁለት ቡድን የሚሞላ ጓደኛ አልነበራቸውም፤ ሰፊ ሜዳም አልነበራቸውም፤ በጠንካራ ኳስ ሲጫወቱም የጎረቤት መስኮት ይሰበራል። የልጁ አባት ዴቪድ መላኒ የልጁን ድካም አይቶ፣ በአንድ ጎኗ 8 ሞላላ ቀዳዳዎች ያሏት ቀላል የፕላስቲክ ኳስ ሠራ። ይህች ኳስ ርቃ አትሄድም፤ መስኮት አትሰብርም፤ የመታችውንም ሰው አታቆስልም። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ ራሱ የሕግን ግማሽ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነው። ዱላው ቀላል ከሆነ «በኃይል አትምታ» እያሉ መጮህ አያስፈልግም።

ይህ ትምህርት ለእኛም ይሠራል። ዛሬ በመቀሌ በሰሜን ክፍለ ከተማም ሆነ በሐድነት ወይም በዓይደር፣ የልጆች መጫወቻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በቤቶች መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ነው። በዚያ ቦታ እናት ልጅ አዝላ ታልፋለች፤ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘው ያልፋሉ። የእንጨት ዱላና የእንጨት ሩር የተፈጠሩት ለሰፊው መስክ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ግቢና በሠፈር ለሚደረገው ጨዋታ ዱላውም ሩሯም ከቀላል ፕላስቲክ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቃርሳን በመስኩ ላይ በእንጨት ዱላ መጫወት ይቅር ማለቴ አይደለም። የአባቶች ጨዋታ በቦታው ይቀጥል፤ በጠባቡ ቦታ ግን ለቦታው የሚስማማ መሣሪያ ይኑር።

ከላይ የጠቀስሁት ቅያሜ በተፈጠረ በዓመቱ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ለፕላስቲክ ዱላና ሩር ጨዋታ የሚሆን ሕግ ጻፉ። የውሃ ማስተላለፊያ የነበረ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጠው፣ ጫፉን አጉብጠው በጨርቅ በመጠቅለል ዱላ ሠሩ። የጻፏቸውም ሕጎች ስምንት ብቻ ነበሩ። ለምሳሌ ያህል እነሆ፦

1. ዱላውና ሩሯ ከፕላስቲክ የተሠሩ ይሆናሉ። የእንጨት ወይም የብረት ዱላ የያዘ ወደ ሜዳ አይገባም።

2. የዱላው ጫፍ ከተጫዋቹ ጉልበት በላይ አይነሣም። ከተነሣ ሩሯ ለተቃራኒው ቡድን ትሰጣለች።

3. ተጫዋች ሌላውን አይገፋም፣ አይጠልፍም፣ በእጁ አይዝም። ይህን የፈጸመ 2 ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል፤ ከደገመ ወደዚያ ግጥሚያ አይመለስም።

4. በአንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ቡድን 7 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ከእነዚህም ቢያንስ 3ቱ ሴቶች ይሆናሉ።

5. በቡድኑ የተመዘገበ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ጊዜ ይጫወታል።

6. ሩሯ በሁለቱ ምልክቶች መካከል የተሰመረውን መሥመር ሙሉ በሙሉ ስታልፍ ግብ ይሆናል። ሁለቱ አለቆች ካልተስማሙ ግቡ አይቆጠርም፤ ጨዋታው ከመሃል እንደገና ይጀመራል።

7. ሰው ከተጎዳ ጨዋታው ወዲያውኑ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የገባች ሩር አትቆጠርም።

8. ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች ተጨባብጠው ይለያያሉ።

ተማሪዎች፣ እነዚህን ሕጎች የሰዋስው ትምህርት በተማረ ዓይን ተመልከቷቸው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሁለተኛው ሕግ «ተገቢ ያልሆነ አመታት ክልክል ነው» የሚል ነበር። ይህ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሕግ ሊሆን አይችልም። ተገቢ የሆነውንና ያልሆነውን የሚለየው ማን ነው? የመቺውና የተመቺው መልስ አንድ አይሆንም። «ከጉልበት በላይ አይነሣም» ሲባል ግን ዓይን ያለው ሁሉ ሊፈርድ ይችላል። ጥሩ ሕግ በስሜት የሚመዘን ቅጽል አይበዛበትም፤ የሚታይና የሚለካ ነገር ይናገራል። ደግሞም የተጣሰ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያመለክታል። ይህን የማያመለክት ዐረፍተ ነገር ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የድንጋዩ ነገር በአንድ ግልጽ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ፋሲካ የዘለቀ ኩርፊያ ባልኖረ ነበር።

«ዳኛ በሌለበት ሕጉን ማን ያስከብራል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚል ነው። ይህም የማይሆን ሕልም አይደለም። በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት በሜፕልዉድ ከተማ የሚገኘው የኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ዝርግ የፕላስቲክ ሳሕን እየተወራወሩ የሚጫወቱት አልቲሜት የተባለ አዲስ ጨዋታ ጀመሩ። ሕጉን የጻፉት እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ ሆኖም በአብዛኛው ያለ ዳኛ ይካሄዳል። ጥፋት የተፈጸመበት ተጫዋች ይናገራል፤ ጥፋት የፈጸመውም ያምናል ወይም ይከራከራል፤ ካልተስማሙ ሳሕኑ ወደነበረበት ይመለሳል። የእኛም አገር ለዚህ ባይተዋር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመንገድ የሚያልፍ ሰው «በሕግ አምላክ» ካላቸው እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። አስገዳጅ ኃይል በአጠገባቸው ስለነበረ አልነበረም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው ብለው ስላመኑ ነበር።

ይህን ጉዳይ ከቀላል የልጆች ጨዋታ በላይ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በትግራይ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስም እጅግ ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ርቀው ቆዩ። በመቀሌ በርካታ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሱት ተማሪዎች በዕድሜም ሆነ በመጡበት ስፍራ የተለያዩ ናቸው። በእርሻ ወይም በቀን ሥራ የጠነከረ ወጣት ገና በማደግ ላይ ካለ ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣል። ከሌላ ከተማ ተፈናቅላ የመጣች ተማሪም አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ስም አታውቅ ይሆናል።

እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ያለ ሕግ ሲጫወቱ ምን ይሆናል? ሩሯ ጉልበት ባለው ዘንድ ትቀራለች። ደካማው ገፍተው ሳያስወጡት በራሱ ጊዜ ወደ ዳር ይወጣል፤ አዲስ የመጣችውም ከግንቡ ተደግፋ ታያለች። ማንም ሳይጮህና ሳይጣላ ግማሹ ክፍል ከጨዋታው ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ከስምንቱ ሕጎች ውስጥ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው አምስተኛውን ነው። የተመዘገበ ሁሉ ግማሹን ጊዜ ይጫወታል ሲባል፣ ቡድኑ ደካማውን ተጫዋች መደበቅ አይችልም፤ ማሠልጠን ግድ ይሆንበታል። ይህ ሕግ ግብ ሊያስቀር ይችላል፤ ሰው ግን ያተርፋል።

በዚያ በሁለተኛው ዓመት የተደረገውን ጨዋታ ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ። ክርክር አልቀረም። በሁለተኛው አጋማሽ ሩሯ በመሥመሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ አንዱ ቡድን እጁን አንሥቶ ፈነደቀ፤ ሌላው «አላለፈችም» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ አለቆች ተጠሩ። አልተስማሙም። ከዚያም አንዲት ተማሪ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ስድስተኛውን ሕግ አነበበች። ማንም ምንም አልጨመረም። ሩሯ ወደ መሃል ተመለሰችና ጨዋታው ቀጠለ። ግብ አገባን ብሎ የፈነደቀው ቡድን በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ነገር ግን የተሸነፉት ተጨባብጠው ወጡ። በማግሥቱ ሁለቱ ምድቦች በአንድ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ የሚያወሩት ስለሚመጣው ዓመት ግጥሚያ ነበር።

ጨዋታና ጨዋነት በድምፅ እንደሚቀራረቡ ሁሉ በግብርም መቀራረብ አለባቸው። በጨዋታ ሜዳ ላይ ቃሉን ያከበረ ወጣት ነገ በእድሩ፣ በመሥሪያ ቤቱና በአገሩ ጉዳይም ቃሉን ለማክበር ይለማመዳል። ስለዚህ ተማሪዎች፣ በሚመጣው ገና ዱላ ከመቁረጣችሁ በፊት ብዕራችሁን አንሡ። ከምትገጥሟቸው ጋር አብራችሁ ተቀመጡ፤ ጥቂት ሕጎችን በግልጽ ቋንቋ ጻፉ፤ ሁላችሁም ፈርሙበት። ከዚያ በኋላ እስኪያልባችሁ ድረስ ተጫወቱ።

መልመጃ

ሀ. ጸሐፊው የገናውን ብሂል ብዙ ሰዎች ከሚረዱት በተለየ መንገድ ይተረጉመዋል። በዚህ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

ለ. «ተጫዋቾች በጥሩ ሥነ ምግባር ይጫወታሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚታይና የሚለካ ነገር በሚናገር ሁለት ሕጎች ተክታችሁ ጻፉ።

ሐ. አምስተኛው ሕግ መቅረት አለበት የሚል ተማሪ ቢኖር ምን ብሎ ይከራከራል? የእርሱን ሐሳብ በቅንነት ካቀረባችሁ በኋላ መልስ ስጡበት።